ሦስት ጊዜ ብቻ የሚጣራው ዕቃ

ልጆቼ፣ ይህን ስጽፍላችሁ ታገሱኝ።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ሰዓቱ ግን አይታወቅም። ሞባይል የሚጠግነው ልጄ ሞሲሳ "ለምን ራሳችን የሚያሳውቀን ነገር አንሠራም?" ብሎ ቤቱን ሁሉ አሰለፈ። እሱ ሽቦውን በየደ። ሚስቱ ትግስት ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፈነችው። እኔ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተንሳፋፊውን ቆረጥኩ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቢሊሴ ደግሞ ድምጿን ሰጠች። ቧንቧውን ቤት ውስጥ ባለው በርሜል ላይ ከፍተን እንተዋለን፤ ውሃ መጥቶ በርሜሉ ሲጋመስ ዕቃው በእሷ ድምፅ "አባባ፣ ውሃ መጣ!" ይላል። ሦስት ጊዜ ብሎ ዝም ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሊሴ ሶፋ ላይ ካርቱን ታያለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊት ጎረቤታችን እንድሪስ ጋ ብቅ አልኩ። ሚኒባሱ ተበላሽቶበት ቤት ውሏል። ጨዋታ ያዝን።

"አባባ፣ ውሃ መጣ!"

"አባባ ጉዲሳ፣ ልጅቷ እየጠራችዎት ነው" አለኝ።

"ዕቃው ነው። ገና ግማሽ ነው፣ ጊዜ አለን።"

"እስቲ ለእኔም ሚኒባሷን የሚጠግን ሥሩልኝ!"

ሳቅን። ጥሪው ቀጠለ፣ እኛም ወሬያችንን ቀጠልን። "አባባ! ውሃ መጣ!" ስንተኛው ነው? አምስት? ስድስት? ዕቃው እኮ ከሦስት አያልፍም!

በሩን ስገፋ በርሜሉ ሞልቶ ፈሷል፤ ወለሉ ውሃ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ መሬት ላይ ያለውን የመብራት ማከፋፈያ ውሃው ከቦታል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ቢሊሴ ሶፋው ላይ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ፣ አንድ እግሯን ወደ ታች ሰደደች።

"አትውረጂ!" ብዬ ጮህኩ።

ጮኼባት አላውቅም። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

እንድሪስ ከኋላዬ አየና "እንዳይረግጡት!" ብሎ ደረጃውን ቁልቁል በረረ። መብራት ማጥፊያው ታች ቆጣሪዎቹ ጋ ነው፣ እኛ አራተኛ ፎቅ።

"ና አንሳኝ!"

"እመጣለሁ፣ የኔ ቆንጆ።"

"አሁን ና!" እጇን ዘርግታ ወደ እኔ አዘነበለች።

"ቁጭ በይ። እግርሽን እቅፍ አድርጊ። እንደሱ፣ ጎበዝ።" ድምፄን አለሰለስኩ። እንባዋን እየዋጠች ቁጭ አለች። ደረጃው ላይ የእንድሪስ ኮቴ ራቀ፣ ከዚያም ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ከታች "የሁሉንም አጥፍቻለሁ! ይግቡ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ውሃውን አቋርጬ አነሳኋት። አንገቴን አልያዘችም።

"ጠራሁህ እኮ" አለች።

"ዕቃው መስሎኝ ነው፣ እናቴ።"

"እኔ ዕቃ ነኝ?"

ተሸክሜያት ከውሃው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት፣ ሌላ ክፍል ሆኜ ስትፈልገኝ አትጣራም ነበር። ያለሁበት ድረስ መጥታ፣ ምንም ሳትል፣ ልብሴን ትጎትታለች።