የቫዮላዎቹ ኖታ

ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ኤመሪክ ታውበር የመሪነት በትሩን ዝቅ አደረገ። ኦርኬስትራው በየተራ ዝም አለ፤ መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ፣ ከዚያ የነሐስ መለከቶቹ፣ በመጨረሻም ብቻውን የቀረው ዋሽንት።

«ቫዮላዎች፣ ቁጥር ስድሳ አንድ የተጻፈበት ቦታ ላይ አንድ ኖታ ተሳስቷል።»

ድምፁ ከቫዮሊን ወፈር የሚለውን ቫዮላ ከሚጫወቱት ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌኦፖልድ ዚማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ሙዚቃ ውስጥ ልኩን ከስሕተቱ የሚለዩት በምንድን ነው? ይንገሩንና እኛም እንለይ!»

ነሐስ ነፊዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

በአዳራሹ ኋለኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ወይዘሮ ሄድቪግ ክራትኪ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቪየና ሙዚቀኞች የሚያነቡትን ኖታ በእጅ ጽሑፍ ስትገለብጥ ኖራለች። በልምምድ ቀን ቀለምና መፋቂያ ቢላዋ ይዛ ትመጣለች፤ ስሕተት ከተገኘ እዚያው ታርማለች። ይህኛውን ግን መፈለግ አላስፈለጋትም። ታውበር እዚያ ቦታ ላይ ቫዮላዎቹን ከቀንደ መለከቶቹ ጋር አጋጭቷቸው ነበር። እሷ ስትገለብጥ ድምፁን በግማሽ እርከን ዝቅ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ምልክት ጨመረችና አስማማቻቸው። ወጣቱ በችኮላ ረስቶት ነው ብላ ራሷን አሳምና ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ጆሮ የሚያርፍበት አንድ ቦታ እንኳ ይኑር ብላ ነው። ይባስ ብላ፣ ቅጂውና ዋናው እንዳይለያዩ፣ ምልክቷን በደራሲው የራሱ ጽሑፍ ላይም የእሱን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ አኖረቻት።

«ወረቀቱን ያሳዩኝ» አለ ታውበር።

«ይኸውልዎ፤ የተጻፈልንን ነው የተጫወትነው» አለ ዚማ።

ታውበር ወረቀቱን አየ። ከዚያ ፊቱ የተዘረጋውን የገዛ ጽሑፉን አየ። ምልክቷ እዚያም አለች። በጣቱ ነካት፤ ጣቱ ቀስ ብሎ ከገጹ ላይ ተነሣ።

«የእጅ ጽሑፌ ነው…» አለ።

«ጆሮው ከእጁ ተጣላ!» አለ ከሙዚቀኞቹ አንዱ ከኋላ።

ከሄድቪግ በስተቀኝ የኦርኬስትራው ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ቬሰሊ ተቀምጠዋል። ሙዚቀኞቹ ይህ የታውበር ድርሰት ከእሑዱ ዝግጅት እንዲወጣ በፊርማ ጠይቀዋል፤ የእሳቸው ውሳኔ ደግሞ ዛሬ ነው። ሄድቪግ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የማትወደው ሙዚቃም ይቀርላታል። ወጣቱ ግን ትክክል የሰማውን ጆሮውን ሊጠራጠር ነው። ይህን እያየች መቀመጥ አልቻለችም።

«ጆሮዎ ልክ ነው» አለች ተነሥታ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «በሁለቱም ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«የሰው ድርሰት ላይ፣ ወይዘሮ ክራትኪ?» አሉ ዶክተር ቬሰሊ።

ሄድቪግ ቢላዋዋን አነሣች። ወደ መድረኩ ወጥታ ምልክቷን መጀመሪያ ከታውበር ጽሑፍ፣ ከዚያም ከቫዮላዎቹ ወረቀቶች አንድ በአንድ ፋቀች። ዘጠና ሰው የቢላዋዋን ድምፅ እየሰማ ጠበቀ። ጨርሳ ከመውረዷ በፊት ታውበር በትሩን አነሣ፤ ባለችበት፣ በቫዮላዎቹ መሃል ቆማ ቀረች።

ስድሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ቀንደ መለከቶቹ ከአንድ ወገን፣ ቫዮላዎቹ ከሌላ ወገን መጡ፤ አንዱም ለሌላው ቦታ አልለቀቀም። ሄድቪግ ባሏ የሞተ ዕለት ከሆስፒታል የወጣችበትን ጠዋት አስታወሰች። በፈረስ የሚጎተተው ትራም ይደውላል፣ ከሰል ሻጩ ይጣራል፣ ከአንድ መስኮት ፒያኖ ይሰማል፤ ማንም ለእሷ ብሎ ዝም አላለም። ያን ጠዋት እስከ አሁን ማንም በሙዚቃ ተጫውቶላት አያውቅም ነበር። በቀብሩ ላይ የተጫወቱት እንኳ የሚያምር ነገር ብቻ ነበር።

ታውበር ኦርኬስትራውን አቁሞ ወደ እሷ ዞረ። «ለምን ቀየሩት?»

«ስለሚያም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ያማል» አለች። «ግን መለወጥ አልነበረብኝም።»

ዶክተር ቬሰሊ ተነሡ። «ከዘጠና ሰው መሃል አንዲት ኖታ ለይቶ የሚሰማ ሰው የሚሠራውን ያውቃል። እሑድ ይቀርባል። የእርስዎን ነገር ግን፣ ወይዘሮ ክራትኪ፣ ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

ከነሐሶቹ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። ሄድቪግ ልትወርድ ስትል ዚማ እጅጌዋን ያዝ አደረገ።

«ሄዲ፣ የት ትሄጃለሽ? ይህን ጉድ ያመጣሽብን አንቺ ነሽ፤ በይ ገጹን ግለጪልኝ።»

አጠገቡ ቆመች። በሚቀጥለው ገጽ ላይ የተጻፈውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሲጫወቱት እንዴት እንደሚሰማ ግን አታውቅም። ታውበር በትሩን ሲያነሣ የገጹን ጥግ በሁለት ጣቷ ያዘች።