ዓይኑን አድርቆ የመጣ ሽማግሌ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልጆቼ። መርፌው ከግርማቸው አፍንጫ አጠገብ ሊገባ ነው።

"ቆይ! ቆይ!" አለ ግርማቸው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ። "መድኃኒቱ የታለ? መርፌው እኮ ባዶ ነው!"

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከቅጠላ ቅጠል ሱቃቸው ጀርባ በቻይና የመርፌ ሕክምና ሰው የሚያክሙት ሚስተር ሊያንግ ሳቁ። "መድኃኒቱ ያለው አንተው ውስጥ ነው። መርፌው ይቀሰቅሰዋል።"

"ሰማህ?" አለ ግርማቸው፣ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ወጣት ወደ ብርሃነ መስቀል ዞሮ። "አገር ቤት የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንኳ ውሃም ቢሆን ሞልቶ ነው የሚወጋ!"

"ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይወጉ። የቀረን አንድ ሳምንት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው መጋቢት 1965 ነው። ብርሃነ መስቀል ሠናይትን ለማግባት ፈልጎ፣ ግርማቸውንና ሁለት ወዳጆቹን ሽማግሌ አድርጎ ሳን ሆዜ፣ አጎቷ አቶ ተክለጻድቅ ቤት ላከ። ቤቱ ከኮክ እርሻ ጋር ይዋሰናል። ግርማቸው ደግሞ አበባ በፈነዳ ቁጥር አፍንጫው ይደፈናል፣ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል፤ ሐኪሞቹ ሃይ ፊቨር ይሉታል። ኪኒን ሲውጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቆሞ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ የት አለ? ሳይውጥ ሄደ።

እንግዲህ አስቡት። በማለዳ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት መች ይቀመጣል? ከፊት የቆመው እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል። የአቶ ተክለጻድቅ ባለቤት ወይዘሮ ውብዳር አዩዋቸውና "እናቴን! እናቴን!" ብለው ወደቁ። መርዶ ነጋሪ መስለዋቸው ነው።

"ኧረ ለደስታ ነው የመጣነው!" ይላል ግርማቸው። ታዲያ እያነባ ነው የሚለው፤ ማን ይመነው?

እናታቸው ደህና መሆናቸው በስልክ እስኪረጋገጥ እኩለ ቀን ሆነ። አቶ ተክለጻድቅም፣ "በለቅሶ የተጀመረ ጋብቻ ገድ የለውም። በሁለት ሳምንት ዓይናችሁን አድርቃችሁ ኑ። ያኔም ከተለቀሰ ግን ልጅቷን በሰኔ አገር ቤት ወደ አባቷ እሰዳታለሁ" አሉ።

ግርማቸው ተወጋ። ፊቱ ላይ፣ እጁ ላይ፣ እግሩ ላይ።

"ጃርት መሰልኩ?"

"ጃርትስ ዝም ይላል፣ ጋሼ።"

በዚያ ሳምንት አራቴ ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ከሱቁ ሲወጣ ድንገት መንገድ ላይ ቆመ። "ዝንጅብል! ዝንጅብል ሸተተኝ!" ብሎ ብርሃነ መስቀልን አቅፎ አሽከረከረው።

እሑድ ጠዋት ብርሃነ መስቀል መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ሦስቱ ገቡ። ወይዘሮ ውብዳር በር ላይ ግርማቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩት።

"እስቲ ዓይንዎን ልየው። ደርቋል! ይግቡ፣ አንዲት አበባ እንዳትገባ ሁሉንም ዘግቼልዎታለሁ።"

እውነትም መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ቤተ ዘመዱ ዝም ብሎ ተደርድሯል። ግርማቸው ዙሪያውን አየ። ይሄማ ለቅሶ ቤት ነው! ደግሞ በመጋረጃው ስንጥቅ በኩል፣ ሠናይት ከኮኩ ዛፍ ሥር ደርድራቸው የነበሩት ወንበሮች ባዶአቸውን ይታያሉ። ሚስተር ሊያንግ ከአበባ ራቅ በል ብለውታል። አንዲት እንባ ብትወርድ ልጅቷ መሄዷ ነው።

"ቤት ውስጥ ይሻልዎታል፣ አቶ ግርማቸው" አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

"የለም" አለ ግርማቸው። "እኛ ለደስታ ነው የመጣን። ደጅ እንውጣ።"

ወጡ። ከዛፉ ሥር ቆመ፣ አበባው ትከሻው ላይ ይረግፋል። በአፍንጫው አየር ሳበ፤ ጠበቁት። ምንም የለም! "ልጃችሁን ለልጃችን..." ብሎ ጀመረ።

ብርሃነ መስቀል መልሱን መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ከእልልታው ሰማ።

ልጆቼ፣ ነገ እናንተም ለሽምግልና ስትላኩ፣ አደራ፣ ግርማቸውን አስታውሱልኝ።