የፊደል ዕዳ

ክረምቱ ከፋ። ዝናቡ ሰኔ ሳይገባ ጀመረ፤ መስከረም ጠብቶም አላባራም። ባቄላው በማሳው ላይ ሻገተ፤ ገብሱ ተኛ። የሁለት ጎረቤቶቼ ግድግዳ ወደቀ። ከሾላው ዛፍ በታች የነበረውን የእንጨት ድልድይ ወንዙ ይዞት ሄደ። ሰው ግን አልሞተም፤ ስለዚህ ተመስገን ብለናል።

የመምህራን ኮሌጁ የዕቃ ቤት ጣሪያም በዚሁ ክረምት ተገነጠለ። ኮሌጁ ከእርሻውና ከጤናው ኮሌጅ ጋር በዩኒቨርሲቲው ሥር ከገባ ወዲህ፣ አሮጌው መዝገብ ሁሉ «ወደ ዋናው ግቢ ይሄዳል» እየተባለ በጆንያ ታስሮ አፈር ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ዋናው ግቢ ኮሌጁ ይጠብቀዋል ብሎ ተወው፤ ኮሌጁም ዋናው ግቢ ይወስደዋል ብሎ ተወው። ከሥር ምስጥ ወጣበት፤ ከላይ ዝናብ ወረደበት። የተረፈውን ጠርገው አወጡት። በዚያ ሰሞን ከሱቅ የገዛሁትን በርበሬ ስፈታ፣ መጠቅለያው ላይ የማላውቀው ሰው የፈተና ውጤት አየሁ። ጎበዝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ጥላዬ ተሰማ ቤቴ መጣ። ጥላዬ የአልጋነሽ ወንድም ነው። አልጋነሽ በወጣትነቷ በዚያ ኮሌጅ ስትማር፣ ሲመሽ ወንዙን እየተሻገረች እኛን ገበሬዎቹን ፊደል ታስቆጥር ነበር። የማነበውም የምጽፈውም እሷ ባስተማረችኝ ነው፤ ሌላ ትምህርት የለኝም። አንድ ክረምት ከእኛ ስትመለስ ወንዙ ወሰዳት። በቀብሯ ላይ አባቷ አያ ተሰማ እጄን ይዘው፣ «ንጋቱ፣ ፊደሏ አንተ ዘንድ ቀርቷል፤ አንድ ቀን መልስላት» አሉኝ። ፊደል እንዴት እንደሚመለስ አልገባኝም። ሽማግሌው ሞቱ፤ እኔም አረጀሁ፤ አሁንም አልገባኝም ነበር።

«ጋሼ ንጋቱ» አለኝ ጥላዬ፣ ከመደቡ ጫፍ ቁጢጥ ብሎ። «ኮሌጁ በሥራና በትምህርት ላይ ሳሉ የሞቱትን ሰዎች ስም በድንጋይ ሊያስቀርጽ ነው። የስሙ ምዝገባ ነገ ይዘጋል። የእህቴን ብጠይቅ፣ በመዝገብ የለችም አሉኝ።»

«መዝገቡስ?»

«መዝገቡም የለም።»

«ታዲያ እሷ አለመኖሯን በምን አወቁ?»

«እሱን እርስዎ ይጠይቋቸው። እኔማ ስወጣ የራሴንም መኖር ተጠራጥሬ ነው።»

«ወንዝ የወሰደውን ድልድይስ ምን አሉ?»

«ዋናው ግቢ እዚያው ከሾላው በታች ሊያሠራው ነው። ከመስቀል በኋላ ይጀመራል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ከመደቡ ላይ ጋደም አልሁ። ልቤ ተጨነቀ። ልጅቱን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ነገር ግን እኔ ብቻ የማስታውሰው ነገር፣ እኔ ስሞት ምን ይሆናል? ይህን ሳወጣና ሳወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ። በፊቴ ታላላቅ ሕንጻዎች ተደርድረዋል፤ መስኮታቸው ያበራል፤ በደጃቸው ግን አንድም ጽሑፍ የለም። ከየበሩ ሰው ይወጣል፤ የወጣውም ተመልሶ ይገባል፤ እርስ በርሳቸውም «ይህ የማን ቤት ነው?» ይባባላሉ። የት እንደ ደረስሁ አላወቅሁም። በአጠገቤ መሰላል በትከሻው የተሸከመ፣ ልብሱ እስከ ጉልበቱ የራሰ ሰው ቆሞ ያየኛል።

«ይህ አገር ምንድር ነው?» አልሁት።

«ዩኒቨርሲቲ ነው። በዙሪያው ያሉት ደግሞ ኮሌጆቹ ናቸው።»

«ሰዎቹ ምን ነካቸው?»

«ደኅና ናቸው። ትናንትን ብቻ ነው ያጡት። ያንን ነጭ ካፖርት የለበሰውን ጠይቀው።»

ጠየቅሁት። ሰውየው በትሕትና እጅ ነሣኝና፣ «ሐኪም ነኝ መሰለኝ» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎ ስማር አይተውኛል?» ብሎ ለመነኝ። አላየሁትም። ደነገጥሁ፤ ከእሱ ይልቅ ስለ በሽተኞቹ።

ባለመሰላሉ ሰው መሪዬ ሆኖ ወደ ወንዝ ወሰደኝ። ሦስት ኮሌጆች በሦስት ወገን ተሰልፈው ድልድይ ይሠራሉ፤ በሙሉ ኃይላቸው ይዘምራሉ፤ ያሸበሽባሉ። ድልድዩ ሲያልቅ ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። ጥቂት አለቀሱና እዚያው ቦታ እንደ ገና መሠረት ቆፈሩ። ደግሞ አለቀ፤ ደግሞ ተወሰደ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ንገራቸው እንጂ! እዚህ ቦታ አይቆምም!»

«እነሱም ያውቁት ነበር። ወረቀቱን በርበሬ ጠቀለሉበት» አለና ሳቀብኝ። «አንተስ ቀምሰኸው የለም?»

ሾላው የእኛ ሾላ ነው፤ ወንዙም የእኛ ወንዝ ነው፤ ሆኖም የእኛ አይመስልም። «መልሰኝ» አልሁት። «ማዶውን አይተህ ትሄዳለህ» ብሎ መሰላሉን በአንድ ግንብ ላይ አስደገፈው። «ውጣ፣ ሽማግሌው። ጉልበቴ አትበል፤ በሕልም ጉልበት የለም።»

ከግንቡ ማዶ ያው አገር ነበር፤ ያው ሜዳ፣ ያው ወንዝ፤ ግን ሁሉ ተለውጧል። ዝናቡ ቆሟል፤ አደይ ፈክቷል። በየኮሌጁ ግቢ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥላ ሥር፣ መዛግብቱ ነፋስ እንዲነካቸው ተዘርግተዋል፤ ሴቱም ወንዱም እጁን ታጥቦ ገጽ ይገልጣል፤ የደከመውን ይጠግናል። ከዚያም ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ። የእርሻው ኮሌጅ ሰዎች የመምህራኑን መዝገብ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ መምህራኑ የጤናውን ይቀበላሉ፤ የጤናው የእርሻውን ያነሣል፤ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ እንኳ በተራው ከኮሌጆቹ ወደ አንዱ ይጓዛል።

«የሰው ዕቃ ይዘው ወዴት ነው?» አልሁ።

«ጽዋ ማኅበር አለህ?»

«አለኝ።»

«ጽዋው ማን ቤት ያድራል?»

«ተረኛው ቤት።»

«የራሱ አድርጎ?»

«የማኅበሩ ነው እንጂ!»

«እንግዲህ አትጠይቀኝ። የራሱን መዝገብ ብቻውን የያዘ፣ ጉዱን ይደብቃል፤ አለዚያም የትም ይጥለዋል። የባልንጀራውን የያዘ ግን ይጠየቅበታል። ግልባጩም ሌላው ቤት ይቀራል፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው አለ።»

ርክክቡ ሲፈጸም፣ ተቀባዩ መዝገቡን ወዲያው አልወሰደም። ቆመና በታላቅ ድምፅ፣ «የቀረ አለ?» አለ። አንዲት አሮጊት ተነሡና፣ ያልተጻፈ የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ጸሐፊው ጻፈ፤ መልሶ አነበበላቸው፤ የሚያውቁት ሰዎች «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መዝገቡ ተዘጋ። እኔም ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። መሪዬ ክንዴን ያዘኝ፤ «ያንተ እዚህ አይደለም።»

ወደ ወንዙ ወረድን። ድልድዩ ከሾላው በታች የለም። ወደ ላይ ራቅ ብሎ፣ በዓለቱ አንገት ላይ ቆሟል፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን በጭንቅላታቸው ላይ አድርገው እየተሳሳቁ ይሻገራሉ።

«ለምን እዚያ ሠሩት?»

«ከሾላው በታች አንዲት ልጅ ተወስዳለች። ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?»

መሪዬ መሰላሉን ከትከሻው አወረደና ትኩር ብሎ አየኝ። «እኔ አንተን ልጠይቅህ ነበር።»

ነቃሁ። ጎሕ ቀዷል። ግማሹን አላመንሁትም፤ ግማሹንም አልተረዳሁትም። ነገር ግን ጋቢዬን ለብሼ ጥላዬን ቀሰቀስሁትና ወደ ኮሌጁ ሄድን።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ምናሉ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ጥላዬን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ወንድሜ፣ ትናንት ነገርሁህ። የተማሪ ቁጥሯ ያስፈልጋል።»

«እኮ፣ የሞተ ሰው ቁጥሩን ይዞ ነው የሚሄደው?» አለ ጥላዬ።

«እኔስ ከየት ላምጣ? መዝገቡን ምስጥ በላው።»

«ልጄ፣» አልሁት፣ «ምስጥ እኔን ገና አልበላኝም። ወረቀት ስጠኝ።»

አቶ ምናሉ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ። ከዚያም ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ፤ ወንበሩንም ለቀቀልኝ። አልጋነሽ «ጋሼ ንጋቱ፣ አይቸኩሉ፤ ፊደል አያመልጥም» ትለኝ ነበር። አልቸኮልሁም። እንዲህ ጻፍሁ፦

«አልጋነሽ ተሰማ በዚህ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ለእኛ ለገበሬዎቹ ፊደል አስተምራ ስትመለስ ወንዝ ወሰዳት። የወሰዳት ከሾላው በታች ነው። እዚያ ድልድይ አትሥሩ። ይህን የጻፍሁት ንጋቱ ነኝ፤ መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

አቶ ምናሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ጥላዬ «እውነት ነው» አለ። ደጅ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ሁለት አሮጊቶች፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች፣ «እውነት ነው! ምነው፣ ደህና አርገን እናውቃታለን!» አሉ።

«በድንጋዩ ላይ ስሟ ይወጣል» አለ አቶ ምናሉ። «የድልድዩን ነገር ዛሬውኑ ለዋናው ግቢ አደርሳለሁ።»

«ግልባጭ አድርግና ለእርሻው ኮሌጅ ስጥልኝ» አልሁት።

«ለምን ለእነሱ?»

በሕልሜ ያየሁትን ነገርሁት። አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ለማኅበሬም፣ ለዕድሩም፣ ለሰማኝ ሁሉ ነግሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ለማያውቀኝ ጻፍሁት።

ከቢሮው ስንወጣ ጥላዬ አቀፈኝና፣ «አባቴ ያሉዎትን አደረጉ» አለኝ። ወንዙ ከሩቅ ይሰማል። ፊደሏን መለስሁላት።