የማማ ብሪያን በር

ባንታየሁ በሰው አገር፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለው ኢምባካሲ ሰፈር የኪራይ ግቢ ነበረው። ዓመታት በምግብ ቤት ወጥ ቤት ላቡን አፍስሶ፣ ከሚስቱ ከዓይናለም ጋር ቆጥቦ የሠራው ግቢ ነው። ባልና ሚስቱም እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ይኖራሉ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በቀር ተከራይና አከራይ በሰላም ነበር የሚኖሩት፤ ማማ ብሪያን ጸጉር መሥራት እስክትጀምር ድረስ።

ማማ ብሪያን የበኩር ልጇ ብሪያን ስለሚባል እንደ አገሩ ልማድ በእሱ ስም የምትጠራ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ለመኖሪያ ብላ የያዘችውን ክፍል ግን ቀስ በቀስ የጸጉር ሳሎን አደረገችው። መጀመሪያ ትልቅ መስታወት ገባ፣ ቀጥሎ የጸጉር ማድረቂያ፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር። ቅዳሜ ሲሆን ግቢው በሴቶች ይሞላል።

ይኼም ባልከፋ። ችግሩ ሲታጠብ የሚረግፈው ጸጉር ከነሳሙናው በጋራው የፍሳሽ ቱቦ መውረዱ ነው። ቱቦው ሲታፈን ውሃው ተመልሶ በሌሎቹ ተከራዮች መታጠቢያ ይወጣል። አየር ማረፊያ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ተከራይ ዩኒፎርሙን ሰብስቦ ይዞ በእግሩ ጣቶች እየተረማመደ ሲወጣ ባንታየሁ በመስኮት ያየውና ያፍራል። ፉንዲ የሚሉት የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ በሽቦ ሲጎረጉር ድመት የሚያህል የጸጉር ድቡልቡል ጎትቶ ያወጣል። ባንታየሁ ማማ ብሪያንን ለመናት፣ ተቆጣት። እሷ በየጊዜው «ሳዋ፣ እሺ» ትለዋለች፤ በማግስቱ ያው ነው።

አንድ ዓርብ ውሃው የራሱ መኝታ ቤት ገባ። ምንጣፉ ራሰ። ታመነ የሚባል አከራይ ወዳጁ፣ በር የሌለው ተከራይ በገዛ እግሩ ይወጣል ብሎ መክሮት ነበር። ባንታየሁ ያንን አስታወሰና ማማ ብሪያን ገበያ በሄደችበት ጠመንጃ መፍቻውን አንሥቶ በሯን ከማጠፊያው ፈታው። ፒክአፑ ላይ ጭኖ በገመድ አሰረው።

ማማ ብሪያን ስትመለስ አልጮኸችም። ክፍቱን ደጃፍ አየችው፣ ባንታየሁን አየችው፣ ከዚያ አበባ ያለበት አንሶላ ሰቀለች። ቅዳሜ ጠዋት አንሶላውን ወደ ጎን ሰብስባ ሥራዋን ጀመረች። መንገድ አላፊው ሁሉ ውስጡን ስለሚያይ ያን ቀን ደንበኛዋ ጨመረ። ባንታየሁ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ሰኞ ችሎት እንደምትሄድ በእርጋታ ነገረችው።

ይኼኔ ፈራ። ዓይናለም የጨርቅ ነጋዴውን የበድሩን ልጅ ራሂማን እንዲያማክር ነገረችው። ራሂማ ኢስትሊ ሰፈር ያደገች፣ ሁርሊንግሃም ቢሮ የከፈተች ጠበቃ ናት፤ ባንታየሁ ከልጅነቷ ያውቃታል። በሩን ከመኪናው ሳያወርድ ወደ ቢሮዋ በረረ።

ራሂማ በመስኮት ቁልቁል አይታ ኖሮ፣ ሰላም ተባብለው እንደተቀመጡ ስለተጫነው በር ጠየቀችው። የሆነውን ሁሉ ነገራትና፣ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ በሕግ የማስወጣበትን ንገሪኝ» አላት።

«ጋሽ ባንታየሁ፣ ማስወጣቱን ለጊዜው እንተወው። አሁን በሕግ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

በር መንቀል፣ ውሃ መዝጋት፣ ጣሪያ ማንሳት፣ ሁሉም ክልክል መሆኑን አስረዳችው። ተከራይ የቱንም ያህል ቢያስቸግር፣ ማስወጣት የሚችለው ችሎት ነው። ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ ጊዜው ተጠብቆ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው አለችው። ከዚያ የኪራይ ውሉን ጠየቀችው። ውል አልነበረም፤ በቃል ነው የተስማሙት። ሳሎን መክፈቷን እያወቀ ኪራይ ይቀበል እንደሆነም ጠየቀችው። ቱቦው እስኪታፈን ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ ተቀብሏል።

«ከቤተሰብዎ እሷ ዘንድ ጸጉሩን የሚሠራ አለ?»

ባንታየሁ ኮርኒሱን አየ። «ዓይናለም» አለ በመጨረሻ። «ሹሩባ ትሠራታለች። ቅናሽም ታደርግላታለች።»

ራሂማ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። «ዳኛ ከጠየቀዎት ደግሞ እውነቱን ነው የሚናገሩት» አለችው። «ስለዚህ ዳኛው ዘንድ ባንደርስ ይሻላል።»

ዛሬውኑ በሩን ራሱ እንዲመልስ፣ ይቅርታ እንዲጠይቅና ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦው ብቻ እንዲነጋገር መከረችው። ማማ ብሪያን እምቢ ካለች የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ራሂማ ታዘጋጃለች፤ መፍቻው ግን መሣቢያው ውስጥ ይቀመጥ።

ሲመለስ ሳሎኑ እንደሞላ ነበር። በሩን ተሸክሞ ሲገባ ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁለት። ማጠፊያው አልገጥም አለው። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ የቆመ አንዲት ሴት ባሏ አናጺ እንደሆነ ተናግራ ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ግራ እያለች ታዘው ጀመር። ማማ ብሪያን መጥታ የበሩን ግርጌ በእግሯ ደገፈችለት። የመጨረሻውን ብሎን ካጠበቀ በኋላ በተሰባበረ ስዋሂሊው «ፖሌ፣ ማማ ብሪያን» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

እሷም አንሶላውን እያጠፈች መለሰችለት። «ቀኑስ ምንም አይደል። ሌሊቱን ግን አልጋዬን ደጃፉ ላይ ገትሬ፣ ልጆቼን ከጀርባዬ አድርጌ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት።»

ባንታየሁ ይኼን አላሰበውም ነበር። የታየው ቱቦውና ምንጣፉ ብቻ ነው። ሰኞ ችሎት ብትሄድም እንደማይቀየማት ነገራት። እሷ ግን ችሎት መሄድ የፈለገችው በሯን ለማግኘት እንደነበር፣ አሁን አግኝታዋለችና ሥራ እንደማትፈታ ነገረችው። ከደንበኞቿ አንዷ ቦታዋን ለቃ አስቀመጠችውና ስለ ቱቦው ማውራት ጀመሩ።

ባንታየሁ በግቢው መንገድ ዳር አሮጌ ድስትና የተሰበረ ወንበር የሚያስቀምጥበት መጋዘን ነበረው። የራሱ የፍሳሽ መስመር አለው፤ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። ሳሎኑ ወደዚያ ቢዛወርስ የሚለውን ሐሳብ ያነሣችው ማማ ብሪያን ናት፤ ከዚህ በፊትም ለዓይናለም ነግራት እንደነበር ሲሰማ ወሬውን ሰምታ ወደ መጣችው ሚስቱ ዞረ። ዓይናለም በዚያን ጊዜ ነግራው እሱ ድስቶቼን የት ላድርጋቸው ብሎ እንደነበር አስታወሰችው።

በዚሁ ተስማሙና ራሂማ ሁለት ውል አዘጋጀች፤ አንዱ ለመኖሪያው፣ አንዱ ሱቅ ለሚሆነው መጋዘን። መታጠቢያው ላይ ወንፊት እንዲደረግ፣ ቱቦውን ማማ ብሪያን እንድታስጠርግ በግልጽ ተጻፈ። ከመፈረማቸው በፊት ራሂማ ባንታየሁን ለብቻው ጠርታ አስጠነቀቀችው። ሱቅ ሲያከራይ ሕጉ ሌላ ነው፤ የነጋዴ ተከራይን ማስወጣት ይከብዳልና አውቆ ይፈርም። ባንታየሁ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበ። እንዲህ ኪራይ የማታሳልፍ ሴት ለምን ትወጣለች ብሎ ፈረመ።

ሳሎኑ በተከፈተ ሰሞን ራሂማ የውሉን ቅጂ ይዛ መጣች። ማማ ብሪያን ለዚህ ሁሉ ልፋቷ ያለ ምስጋና አልሸኛትም ብላ ጸጉሯን ልትሠራት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ሂጃቧን እንድታወልቅም ዙሪያዋን መጋረጃ ሳበችላት። ከውስጥ የሦስቱ ሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ ዓይናለምም እዚያው ነበረች። ባንታየሁ ውጭ፣ ከቱቦው አፍ አጠገብ ተንበርክኮ ጆሮውን ሰጠ። ውሃው ሳይቋረጥ ይወርዳል። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና፣ ለሴቶቹ ሻይ ሊያመጣላቸው ሄደ።