ባሩድ፣ ላትና ሰም

መናገሻ፣ ኦቦ ባጫ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ እየተመላለስኩ አንድ ብረታ ብረት ቤት ብረት በሚቀርጸው በቶርኖ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ኦቦ ባጫና ባለቤታቸው እትዬ ተስፋነሽ ልጅ አልነበራቸውም። እሁድ እሁድ ምሳዬን የምበላው ከእነሱ ጋር ነው።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ከጫካው የሚወጣ ከርከሮ የድንች ማሳቸውን ይገለብጠው ጀመር። በዚያው ሰሞን ቀያሾች መጥተው ማሳው ላይ ችካል ተከሉበት። በየቦታው የሚወራው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላኑ ነገር ነበር።

"ከርከሮው ይሻለኛል፤ እሱ ሲጠግብ ይሄዳል" አሉኝ ኦቦ ባጫ።

ከቆጡ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጠመንጃ አወረዱ። የአያታቸው ነው፤ ባሩዱም ጥይት የሚሆነው የእርሳስ ድቡሉም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ፣ አንዴ ተኩሶ እንደገና የሚጎርስ።

"ሳህሉ፣ ይሄ ነገር ይነሳል ትላለህ?"

በሕይወቴ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ ብረት ግን አውቃለሁ። ዝገቱን ጠርጌ፣ የመምቻ መዶሻውን ሞላ አዲስ ሠራሁለት።

ባሩዱን ሰበታ ሱቅ ያለው ወዳጃቸው ከድሩ ከገጠር አስመጣልን፤ ሁለት ዓይነት። አንዱ እንደ በርበሬ የላመ፣ ሌላው እንደ ጎመን ዘር ፍሬ ፍሬ ያለ። እኔ የላመውን አነሳሁ፤ ጥሩ የተፈጨ መሰለኝ። ኦቦ ባጫ እጄን ያዙኝ።

"እሱ ባንዴ ነው ቦግ የሚለው። እንዲህ ያለ አሮጌ ብረት አይችለውም። ፊትህን አትፈልገውም እንዴ?"

ድቡሉ የሚጠቀለልበትን ጨርቅ የምንቀባው ቅባት ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ከሥራ ቤት ያመጣሁት ግሪስ ከጥላሸቱ ጋር ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ሆነና ሦስተኛው ድቡል አፈሙዙ ውስጥ መሃል መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ባሩዱን አረጠበው፤ ጠመንጃው አስነጥሶ ዝም አለ። እትዬ ተስፋነሽ ከት ብለው ሳቁብን። በመጨረሻ ጨው ያልነካው የበግ ላት ከማር ሰም ጋር አቅልጠው የሰጡን እሳቸው ናቸው። "ላቱ ያንሸራትተዋል፣ ሰሙ ደግሞ እንዳይፈስ ይይዘዋል" አሉን።

ቅባቱ በደረሰ ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ታክሲ አልነበረም፤ ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው አስፋልቱ ላይ ወጥተዋል፣ መንገድ ተዘግቷል ተባለ።

"ዛሬ ይቅር፤ ከተማው ደህና አይደለም" አሉ ኦቦ ባጫ።

"አንዴ ብቻ፣ ኦቦ። ከማሳው በታች ያለው ገደል ውስጥ ማን ይሰማናል?" ብዬ ለመንኳቸው። እንቢ ማለት አይሆንላቸውም።

"እሺ። የደከምክበት አንተ ነህና አንተው ተኩስ።"

ድቡሉ በቀባነው ጨርቅ ተጠቅልሎ ያለ ምንም ትግል ወረደ። አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ። ማዶ ያቆምነው ጄሪካን ተበስቶ ተገለበጠ። ኦቦ ባጫ እንደ ልጅ ዘለው አቀፉኝ።

ወደ ግቢ ተመልሰን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፒካፕ ግቢው በር ላይ ቆመ። አምስት ታጣቂዎች ገቡ። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

"ማነው የተኮሰው?" አለ አለቃቸው።

የባሩዱን ጥላሸት ከእጄ ታጥቤ ጨርሼ ነበር። ኦቦ ባጫ አንዴ አዩኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ለከርከሮ ነው።"

"ለከርከሮ!" ብሎ አንዱ በሰደፍ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ጠመንጃውንም እሳቸውንም ጭነው ሄዱ።

"አንተ ነህ አይደል የተኮስከው?" አሉኝ እትዬ ተስፋነሽ።

"ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ" አልኳቸው።

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው "ምን ፈልገህ ነው?" ሲለኝ "መታወቂያ ጠፍቶብኝ" አልኩና ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። እትዬ ተስፋነሽ በየቀኑ ማለዳ ለኦቦ ባጫ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ሲወጡ ድምፃቸውን እየሰማሁ አልጋዬ ላይ እቆይ ነበር።

ኦቦ ባጫ በመጋቢት ተፈቱ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ ሁለት ወር አልፎታል፤ ችካሉን ግን የነቀለው የለም፣ ድንቹም የከርከሮ ሲሳይ ሆኗል። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ልጠይቃቸው ስገባ በቀኝ በኩል አስቀመጡኝ።

"ኦቦ፣ ያን ቀን እኔ..."

"እሱን ተወው" አሉ። "ሥራ ያለህ ልጅ ነህ፣ እንጀራህ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። 'እኔ ነኝ' ያልኩት ራሴ ነኝ፤ አንተን አልወቅስም።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "ግን ሳህሉ፣ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን መጥተህ 'እንዴት አደሩ?' አላልከኝም።"

ተነስቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ውጣልኝ አላሉኝም። እኔ ነኝ በዚያው ሳምንት ለገጣፎ ቤት ፈልጌ የወጣሁት። ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ስጭን እትዬ ተስፋነሽ ደጃፋቸው ላይ ድንች ይልጡ ነበር። ደህና ይሁኑ አልኳቸው። ቀና አላሉም።