የክርን ልክ

ወይዘሮ አልማዝ አንድ ዕቃ ከመምረጣቸው በፊት ምራታቸውን ይጠይቃሉ። «ትንቢት፣ አንቺስ የቱን ወደድሽ?» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። ትንቢት ትመልሳለች። እሳቸው መልሷን ሰምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሌላውን ያዝዛሉ።

ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለው የሙኒር ሱቅ የሆነውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የኪችን ካቢኔቱ ቀለም ነበር። ትንቢት የእንጨት መልክ ያለውን፣ የማያብረቀርቀውን ዳሰሰች፤ ወይዘሮ አልማዝ የጣት አሻራ ሁሉ የሚታይበትን የሚያብረቀርቅ ነጭ አዘዙ። ቀጥሎ ምድጃው። መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር በጋዝም የሚሠራው ይሻላል ስትል፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራው ባለ መስታወቱ ተመረጠ። ባለ ሁለት ጎድጓዳው ሲንክ ይሁን ስትል ደግሞ ባለ አንዱ። ሙኒር ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ሁለቱን ሲያይ ቆየና፣ «ማዘር፣ ልጅቷን የሚጠይቋት የማይገዛውን ለማወቅ ነው እንዴ?» አለ። ወይዘሮ አልማዝ ሳቁ። ትንቢትም ሳቀች፤ አለመሳቅ አትችልም ነበር።

ለትንቢትና ለባሏ የሚሠራው ቤት ያለው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቦታው የወይዘሮ አልማዝ ነው። እሳቸው ሰኮሩ ላይ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ሆቴል አላቸው። አንድ ልጃቸው ነቢዩ፣ የትንቢት ባል፣ ወቅቱ የቡና ለቀማ ስለሆነ የቡ ከተማ ከሚገኘው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አይወጣም፤ ቤቱን የሚያሠራው በስልክ ነው። ትንቢት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አጭር ናት። ግራ ትከሻዋ በልጅነቷ ተሰብሮ ተጣሞ ስለገጠመ፣ ክርኗን ከጎኗ ከፍ አድርጋ ትንሽ ከቆየች ሕመሙ እስከ አንገቷ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ከልቧ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምትከትፍበትና የምታቦካበት መደብ ዝቅ እንዲልላት። ነጩን ካቢኔት መወልወል ትችላለች። መብራት ሲጠፋ መጠበቅ ትችላለች። መደቡ ግን በኮንክሪት የሚሞላ ነው፤ አንዴ ከደረቀ በመዶሻ ካልፈረሰ ዝቅ አይልም።

ወይዘሮ አልማዝ ስለ ትከሻዋ ያውቃሉ። ለሠርጉ ቀሚስ ስትለካ አይተውታል። ያን ጊዜ ያሉት ነገር ቢኖር «ይሄን ነቢዩ ያውቃል?» የሚል ነበር።

ትንቢት በሥራዋ በአንድ ውጤት አታምንም፤ ትደግማለች። ስለዚህ ሙኒር ሁለት ፍሪጆች ከፍቶ ሲያሳያቸው ቀልዱ እውነት መሆኑን ሞከረች። የፈለገችው ፍሪዘሩ ከላይ የሆነውን ነበር፤ በየቀኑ የሚወጣና የሚገባው ዕቃ እጇ በሚደርስበት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ያሞገሰችው ግን ሌላውን ነው፤ ስለ በሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ድምፁ አንድ በአንድ አወራች። ወይዘሮ አልማዝ እስክትጨርስ ጠበቁና ፍሪዘሩ ከላይ የሆነውን ገዙ። ለግድግዳው ሴራሚክም እንዲሁ አደረገች። ልቧ ግራጫው ላይ ሆኖ አበባ ያለውን አደነቀች፤ ግራጫው ተጫነ። ከሱቁ ሲወጡ የአማቷን ቦርሳ ተቀብላ ያዘችላቸው። ካገባች ወዲህ እንደዚያን ቀን ቀሏት አያውቅም።

በማግስቱ ወደ ቤቱ ሄዱ። የግንበኞቹ አለቃ ዋቅጅራ መደብ ከመሙላቱ በፊት አንድ ልማድ አለው። የምትሠራበትን ሴት ግድግዳው አጠገብ ያቆማል፤ ክርኗን እንድታጥፍ ያደርጋል፤ ከክርኗ አንድ ጋት ዝቅ ብሎ በእርሳስ ያሰምራል። ክሩን የሚወጥረው በዚያ መስመር ላይ ነው።

«አዴ፣ ማን ይቁም?» ሲል ወይዘሮ አልማዝን ጠየቀ።

እሳቸው ግን መጀመሪያ ስልካቸውን አውጥተው ነቢዩ ጋ ደወሉና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረጉት። ከበስተጀርባው የቡና መፈልፈያው ማሽን ያጓራል። ለልጃቸው ሚስትህ መደቧን ልትመርጥ ነው፣ አንተም ስማ አሉት። ከዚያ ወደ ትንቢት ዞሩ።

«አንቺስ የቱን ወደድሽ? ከፍ ያለውን ነው ዝቅ ያለውን?»

ትንቢት ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ተዘጋጅታበታለች። ከፍ ያለውን እንደምትወድ ተናገረች። ፎቶ ላይ ያየቻቸው ዘመናዊ ቤቶች ሁሉ መደባቸው ከፍ ያለ ነው አለች፤ ዝቅ ያለው የድሮ ማድ ቤት ያስመስለዋል ብላም አከለችበት።

ወይዘሮ አልማዝ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«እንግዲህ አንድ ነገር እንኳ እንደ ልቧ ይሁንላት» አሉ ወደ ስልኩ። «ዋቅጅራ፣ እኔ ልቁም። እኔ ረዘም እላለሁ።»

ረጅም ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ግድግዳው ጋ ቆሙና ክርናቸውን አጠፉ። ከፍ ያለ ተብሏልና ዋቅጅራ ጋቱን አልቀነሰም፤ እርሳሱን ልክ በክርናቸው ሥር ሳበው። መስመሩ ትንቢት ደረት ላይ ደረሰ።

ትንቢት ተሳስቻለሁ አለች። ዝቅ ይበልልኝ፣ ትከሻዬን ያመኛል፣ ነቢዩ አንተም ታውቃለህ አለች። በግንበኞች ፊት ስለ ትከሻዋ ስታወራ ፊቷ ጋለ።

«ራስሽ እኮ ነሽ አሁን ያልሽው» አለ ነቢዩ፣ በማሽኑ ድምፅ ላይ እየጮኸ። «እናቴ እንቢ ስትል ታለቅሻለሽ፣ እሺ ስትል ታማርሪያለሽ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ትንቢት።»

ዋቅጅራ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መሬት መሬት አየ። «ማሎ፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል» አለ እየተለማመጠ፣ ቀስ ብሎ።

«ሙላው» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

በባጃጅ ሲመለሱ ትንቢት በመስኮቱ ላስቲክ በኩል ወደ ውጭ ስትመለከት ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ምግብ ሸጫለሁ» አሏት። «ሥጋ የማይፈልግ ሰው ሥጋውን አያንቋሽሽም፤ ዝም ብሎ ሽሮ ያዝዛል። አንቺ ያኛውን ፍሪጅ ስታሞግሺ ዓይንሽ ከዚህኛው አልተነሳም።»

ትንቢት ታዲያ ለምን ገዙት ብላ ጠየቀች።

«ቁማር ሁለቴ ካልበላሽ ሦስተኛውን አትወራረጂማ።»

ቤቱ የካቲት ውስጥ ተመረቀ። ከሰኮሩ የሆቴሉ ሰዎች፣ ከቦሳ አዲስ ጎረቤቶች፣ ከክሊኒኩ የትንቢት ባልደረቦች መጡ። ነጩ ካቢኔት በመብራት ያብለጨልጫል፤ መደቡ ላይ ጥቁር ግራናይት ተነጥፎበት ጣት የሚያህል ደግሞ ጨምሯል። እንግዶቹ እየተፈራረቁ ገብተው አዩ፤ የመረጠው ሰው እጁ ይባረክ አሉ። ወይዘሮ አልማዝ ሁሉም ከበው እንደቆሙ ስጦታቸውን አስገቡ።

የጅማ በርጩማ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ በጥሩ እጅ የለሰለሰ። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። የሚቀመጥ ሰው ይመቸዋል፤ ለሚቆምበት ግን እግር የሚያሳርፍ ደልዳላ ቦታ የለውም።

«እንድትደርሺ ብዬ ነው» አሉ። «ውጪበት እስቲ ይዩሽ።»

ነቢዩ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። እየሳቀ ነው፤ የሚስቅበት ክፉ ነገር ያለ አይመስለውም። ትንቢት ጫማዋን አወለቀችና ወጣች። ተረከዞቿ ጉድጓዱ ውስጥ ተንሸራተው ተጋጩ፤ በርጩማው ወደ ጎን አዘነበለ። እንዳትወድቅ የግራናይቱን ጠርዝ ያዘች። የቀረባት እጅ ግራው ነበር። ሕመሙ እስከ ጆሮዋ ሥር ዘለቀ፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ፎቶ ላይ ግን ፈገግታ ይመስላል። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ወይዘሮ አልማዝ አጠገቧ ቆመው ክርናቸውን መደቡ ላይ አሳረፉ። ከዚያች ጣት ከምታህል ጭማሪ በቀር ልካቸው ነበር።

«ወደድሽው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው።

ትንቢት መልስ ፈለገች። ወድጄዋለሁ ብትል በርጩማው እዚሁ ቤት ይቀራል። አልወደድኩትም ብትልም ይቀራል፤ ነቢዩ ደግሞ እየቀረጸ ነው።

«ትንሽ አጠረ» አለች።

ወይዘሮ አልማዝ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«አያችሁ፣ ከፍ ያለ ነገር ነው የምትወደው» አሉ። «ለፋሲካ ረዘም ያለ አስጠርብላታለሁ።»