የፀሐይ ጠጠር ወረፋ

ከሌላ ዓለም የመጡት እንግዶች ሎንግ ፌንተን በምትባል መንደር ሜዳ ላይ ባረፉበት ቀን፣ የጠፈር መርከባቸው በአንድ ጎኑ አየር ያፈስ ነበር። መርከቡ ከቢጫ ፕላስቲክ የተሰፋ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያህል ጉድ ነው። ባሪ የሚባል ሰውዬ ከኋላው ተደብቆ በሞተር እየነፋ ያቆመዋል። ባሪ ለአፍታ ቢዘናጋ የሰውን ዘር ሊያጠፋ የመጣው ኃይል በግንባሩ ይደፋል። ሞይራ ቴናንት አንዴ መርከቡን፣ አንዴ ሰማዩን ታያለች። ከባሕሩ በኩል ጥቁር ደመና እየገሰገሰ ነበር።

ሞይራ የድራማው አዘጋጅ ናት። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1971 ነው፤ ቅዳሜ ሲመሽ የእንግሊዝ አገር ልጅና አዋቂ ሶፋ ላይ ተጠጋግቶ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የሚያይበት ዘመን። የሞይራ ድራማ ስለ ወርቃማዎቹ ነው። ቆዳቸው ወርቅ፣ ንግግራቸው ማር የሆነ እንግዶች ከሰማይ ወርደው ረሃብን የሚያስረሳና በሽታን የሚፈውስ የፀሐይ ጠጠር ለሰው ሁሉ በነፃ ያድላሉ። ጠጠሩ ግን የያዘውን ሰው ዕድሜ መጥጦ ይጨርሳል። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባል የለ? እነዚህኞቹ ኋላ መርዝ ናቸው።

በቴሌቪዥን መሥሪያ ቤቱ እስከዚያን ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ድራማ ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም። አለቃዋ ሚስተር ሄደርሊም ሲሰጧት ፒፓቸውን እየጠቀጠቁ፣ «የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሰው ካላስደነገጠ፣ የቀረውን ዴዝመንድ ይሠራዋል» ብለዋታል። ሌላው አዘጋጅ ዴዝመንድም እግዜር ይስጠው፣ ከእሷ ጠረጴዛ የትኛው መሳቢያ እንደሚቆለፍ ከወዲሁ ጠይቋል። ያ መጨረሻ እንግዲህ ዛሬ፣ እዚህ ሜዳ ላይ፣ ዝናቡ ሳይደርስ መቀረጽ አለበት። ጽሑፉ «ሕዝቡ በስስት አብዶ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ይረጋገጣል፤ ጠጠሩን ከእጅ ይነጣጠቃል» ይላል። ጎርፉ እንዲሆኑ የተጠሩት የመንደሩ ሰዎች ነበሩ።

«ጀምሩ!» አለ ረዳቷ ክላይቭ በድምፅ ማጉያው።

ጎርፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነስቶ ወረደ። ወረደ ማለት፣ ኮቱን ቆልፎ በዝግታ ተራመደ። መርከቡ በር ጋ ሲደርስም ማንም ሳያዘው ቀጥ ያለ ሰልፍ ሠራ። የሰልፉ ጅራት ፖስታ ቤቱን አልፎ ታጠፈ።

«ቁሙ! ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ሞይራ እየሮጠች መጥታ።

«ወረፋ ይዘናል የኔ ልጅ» አሉ ሚስተር ፓስክ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ ዩኒፎርሙን ቢያስረክቡም ጠባዩን አላስረከቡም። «እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሚስስ ኦክሾት ይቀድሙኛል።»

ሚስስ ኦክሾት የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሰዉን ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጥፋት ካለ ወደ እሳቸው እንደሚመጣ ገብቷቸው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

ሞይራ በትዕግሥት አስረዳች። አብዳችኋል አለች። ይህን ጠጠር ካላገኘሁ እሞታለሁ ብላችኋል፤ ስለዚህ ሩጡ አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ሲጀመርም ሮጡ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሮጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ቀድመው ነበር» ተጀመረ። አንዱ የሥጋ ሻጩን ሚስት በክርኑ ጎሸማት። ይቅርታ የጠየቀችው ተጎሻሚዋ ናት።

ክላይቭ የለንደን ልጅ ነው፤ ትዕግሥቱ አለቀ። «እዩኝ፤ እንዲህ ነው!» ብሎ ጃኬቱን ወረወረና ሰልፉን በትከሻው ሰንጥቆ ፊት ገባ።

ሚስተር ፓስክ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ወንድሜ፣ የወረፋው መጨረሻ በዚያ በኩል ነው።»

ክላይቭ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ጃኬቱን አንስቶ በፖስታ ቤቱ በኩል ዞረና ከሰልፉ ጅራት ቆመ። ሞይራ አስተማሪው ራሱ ሲሰለፍ ባየች ጊዜ ልትስቅም ልታለቅስም ዳዳት።

«ሚስስ ኦክሾት» አለች፣ «ጠጠሮቹ ጥቂት ናቸው እኮ። ለሁሉም አይዳረሱም። ይገባዎታል?»

«ጥቂት ከሆኑማ ወረፋው የባሰ ግድ ነው» አሉ ሚስስ ኦክሾት። «በጦርነቱ ጊዜ ከላይ ቦምብ እየወረደ ለሽንኩርት ተሰልፈናል፣ ሚስ ቴናንት። ያኔ ያልተጋፋን፣ ዛሬ ለጠጠር ብለን እንጋፋ?»

«ብርቱካን የመጣ ዕለትም ነበር» አሉ ሚስተር ፓስክ። «ዞሮ ዞሮ ለእኔ አልደረሰኝም።»

ካፊያው ጀመረ። የወርቃማዎቹን አለቃ ሆኖ የሚሠራው ላይነል ከመርከቡ በር ብቅ አለ፤ ቀለሙ ከግንባሩ ወደ አንገትጌው እየወረደ ነው። «ሞይራ፣ የኔ ቆንጆ፣ ወርቁ ወደ ብር እየሄደ ነው። ቶሎ በይ።» ከኋላ የባሪ ድምፅ ተከተለ፤ «ሞተሩ እያጣጠረ ነው! አንድ ጊዜ ልነፋው እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ አላውቅም!»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሞይራ ከጎረቤት ከተማ ኳስ የሚጫወቱ ወጠምሾች ላስመጣ ብላ አሰበች፤ ጊዜ የለም። ሰዎቹን ልሳደብ ብላ አሰበች፤ አፏንም ከፍታ ነበር። እነሱ ያው ቆመዋል፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ጃንጥላ ያለው ለሌለው እያጋራ። ላይነል ብርዱን ለመርሳት የያዛቸውን የመስታወት ጠጠሮች ለፊተኞቹ ያድላል። የተቀበሉት አመስግነው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ከፊቷ ገፋ አደረገቻት።

«ምን ይባላል?» አለቻት።

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ፣ ሊገድላት ለመጣው ወርቃማ ሰውዬ።

የሞይራ ጀርባ በአንዴ ቀዘቀዘ። ዝናቡ መስሏት ነበር፤ ዝናቡ አልነበረም። የተከፈተ አፏን ዘጋች። ቀና ብላ የሰልፉን ርዝመት አየች፤ ኮቱን የቆለፈውን፣ መነጽሩን የሚጠርገውን፣ ሰዓቱን የሚያየውን፣ አሳዳጊ የበደለው የማይባለውን ይህን ሁሉ ሰው።

«ክላይቭ! ማጉያውን ጣለው! ማንንም እንዳትነካ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው። ካሜራማኑን ከነካሜራው በመንደሩ ዳቦ ቤት መኪና ላይ አወጣችውና ሞተሩ ሳይነሳ በእጅ እንዲገፋ አደረገች። ካሜራው ከሰልፉ ጅራት ይነሳል፣ በእያንዳንዱ ሰው ፊት እያለፈ ቀስ ብሎ መርከቡ ጋ ይደርሳል። እሷ ራሷ ጫማዋ ጭቃ እየዋጠው በሰልፉ ጎን ሮጠች። «እንደ ልማዳችሁ ሁኑ! ጠጠሩን ስትቀበሉ አመስግኑ። ወደ ሣሩ ውጡ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጋደም በሉ። ሞታችኋል ማለት ነው።»

«በዚህ ኮት? እርጥብ ሣር ላይ?» አሉ ሚስስ ኦክሾት።

«እባክዎ። እለምንዎታለሁ።»

ሚስስ ኦክሾት ሣሩን አዩ፣ የሞይራን ፊት አዩ። «ለማኅበሩ ክብር ስል ነው» አሉ።

ባሪ የመጨረሻውን አየር ነፋ። ቢጫው መርከብ ተንቀጥቅጦ ተነሳ። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ፤ የዳቦ ቤቱ መኪና ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ሞይራ ከጎኑ እየተራመደች ፊቶቹን አየች፤ ማንም አይተውንም፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ላይነልን ፈገግ በል ብቻ ብላው ስለነበር ፈገግ አለ። ሚስስ ኦክሾት ጠጠሩን በጓንታቸው ተቀበሉ፤ አመሰገኑ፤ ሦስት አራት እርምጃ ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አሉና ቀሩ።

ሞይራ ያኔ ነው የዘነጋችው ነገር ትዝ ያላት። የሞተ ሰው ሲያዩ ምን ያድርጉ? አልነገረቻቸውም። ሚስተር ፓስክ ወደ ሣሩ ዞረው የወደቁትን ሴትዮ እያዩ ነው፤ ካሜራው ደግሞ እሳቸው ፊት ደርሷል። አሁን «ሚስ ቴናንት፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ይላሉ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ሚስተር ፓስክ አላሉም። ለረጅም ጊዜ አዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በእሳቸውና በመርከቡ በር መሀል ክፍት ቦታ እንዳለ አስተዋሉና፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ። ከኋላቸውም እስከ ፖስታ ቤቱ ድረስ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ዝናቡ ወረደ። መርከቡ በረጅሙ ተንፍሶ ላይነል ላይ ተደፋ። ፊልሙም እዚያው አለቀ።

«ይሄ በጽሑፉ ላይ የለም» አለ ክላይቭ፤ ድምፁ ሰልሎ።

«የለም» አለች ሞይራ።

ለንደን ላይ ሚስተር ሄደርሊ ቀረጻውን አዩ። መብራት ሲበራ፣ «እኔ ጎርፍ አምጪ ብዬሽ አንቺ የአውቶቡስ ፌርማታ አመጣሽልኝ» አሏት። ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ቅዳሜ እንዲሁ ይተላለፋል፤ ሰኞ ግን ዴዝመንድ ይረከባል። ሞይራ ተከራከረች፣ ሰውዬው ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለላቸው ዓይነት ነበሩ። ስትወጣ የዴዝመንድ የሻይ ኩባያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

ቅዳሜ ለብቻዋ ቤቷ ተቀምጣ ከምታየው ብላ ሎንግ ፌንተን ወረደች። ሚስስ ኦክሾት የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን አስገብተው፣ ወንበር ደርድረው፣ የቋሊማ ጥቅልና የፕለም ኬክ አዘጋጅተው ጠብቀዋታል። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። «ፓስክ፣ ያንን ሆድ በየት አስገቡት!» «ኧረ የእኔን ኮፍያ እዩልኝ!» «ያ ክላይቭ ነው፣ ያ ጅራቱ ላይ የቆመው!» ካሜራው በእያንዳንዱ ሰው ፊት እያለፈ ሲሄድ ሳቁ ሳሳ። ትንሿ ልጅ ከእናቷ ፊት ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ ስትታይ ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ሚስተር ፓስክ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። አንዷን እርምጃ ተራመዱ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረ፣ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ።

ያጨበጨበ የለም። ወጥ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ። አንዷ ሴትዮ አንስታ፣ «ከለንደን ነው፤ አንቺን ነው የሚፈልጉት» አለቻት።

ሚስተር ሄደርሊ ነበሩ። ፒፓቸውን በጥርሳቸው ሲነክሱ በስልኩ ሰማች። «ባለቤቴ ከወንበሯ አልተነሳችም» አሉ። «ሽማግሌው ጠጠሩን ይወስዳል?»

«ሽማግሌው በጽሑፉ ላይ የለም እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ ካልነገርከኝ እራት የለም ብላለች። ይወስዳል ወይስ አይወስድም?»

ሞይራ ዓይኗን ጨፈነች። «ሰኞ ጠረጴዛዬ ጋ ቢመጡ እነግርዎታለሁ።»

«መልካም» አሉ ሚስተር ሄደርሊ። «ሰኞ። ዴዝመንድ ኩባያውን እንዲያነሳ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ሰቅላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሁሉንም ላቅፍ፣ ሚስተር ፓስክን ልስም ብላ እየሮጠች ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ከዳር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ሻዩ ተቀድቶ በእንፋሎት ይጤሳል። ሰዉ እንደተቀመጠ ነው። ሚስስ ኦክሾት ከወንበራቸው ወደ ሚስተር ፓስክ ዞረዋል።

«ሲሪል፣ ስወድቅ አይተኸኛል» አሉ በቀስታ።

«አይቼሻለሁ፣ ዊኒፍሬድ።»

«ጨዋታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሞይራ ተራመድ ብላህ ነበር?»

የሚስተር ፓስክ ኮፍያ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩታል።

«አላለችኝም» አሉ። «ክፍት ቦታ ነበረ።»

ሞይራ በሩ ላይ ደስታዋን እንደያዘች ቆመች። «ሻይ ደርሷል፣ ኑ እንጂ» አለች አስተናጋጇ ሴትዮ ከጠረጴዛው በስተኋላ። ሁሉም ሰምቷል፤ ግን የመጀመሪያው ሆኖ ለመሰለፍ የፈለገ ሰው አልነበረም።